የግራ ትከሻ

«ፕሮግራሙን የፈጠረው ነጋዴው ራሱ ነው» አለች መምህሯ፣ የተጠቀለለ ትልቅ ወረቀት ከቦርሳዋ እየጎተተች። «ስንት ጊዜ እንቅልፍ አጥቶ እንደሠራው ሲያወራ ብትሰሚው! ልክሽን ትነግሪዋለሽ፣ ኮምፒውተሩ ንድፉን ሥሎ ጨርቁ የሚቆረጥበትን ወረቀት አትሞ ይሰጥሻል። በቃ፣ አንቺ በዚያው ልክ ቆርጠሽ መስፋት ብቻ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ አፍንጫዋ አወረደች። የራሱን ንድፍ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ አትወድም፤ መድኃኒቱን ራሱ አዝዞ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው ይመስላታል። መምህሯ ግን የቆየች ደንበኛ ናት፤ በዋጋ የማትነዘንዝ፣ ልብሷ ሲደርስ መስታወት ፊት ሁለቴ ዞር ዞር ብላ «እጅሽ ይባረክ» የምትል። ስለዚህ ሰፊዋ ነገሯን ዋጥ አድርጋ ወረቀቱን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ ሱቅ፣ ከመጋረጃው ወዲያ መኖሪያ፤ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ነገር ሲዘረጋ አንዱ ሰው መቀመጥ አለበት፣ አለዚያ መተላለፊያ የለም። መምህሯ የቀረበላትን ሻይ ይዛ ተቀመጠች። ሰፊዋ የወረቀቱን ጠርዞች በመቀስ፣ በካውያ፣ በክር ቆርቆሮና በራሷ ክርን ይዛ ጣቷን በመስመሮቹ ላይ ማስኬድ ጀመረች። ወገቡ ደህና ነው። ደረቱም አይከፋም። ጣቷ ትከሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። የግራው ትከሻ ከቀኙ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ዝቅ ብሎ ተሥሏል።

በዚህ ሰፈር እንዲህ የሚሠራ የለም። ሌሎቹ ሰፊዎች ጨርቁን ለሁለት አጥፈው አንዴ ይቆርጡታል፤ ግራና ቀኙ እኩል ይወጣል፣ ነገሩም ያልቃል። እሷ ግን ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ገላ ስትለካ ኖራ እኩል ትከሻ ያለው ሰው አላጋጠማትም። ቦርሳ የሚሸከመው፣ ልጅ የሚታቀፈው፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ ክርኑ ተደግፎ የሚጽፈው፣ ሁሉም ወደ አንድ በኩል ዘንበል ይላል። መምህሯን ራሷን የግራ ትከሻዋን የጎተታት የተማሪ ደብተር የሞላ ቦርሳ ነው። ስለዚህ ሰፊዋ ሁለቱን ትከሻ ለየብቻ ትለካለች፤ ደንበኞቿም «ደግሞ ልትመዝኚኝ ነው?» እያሉ ይቀልዱባታል። ለምን እንደዚያ እንደምታደርግ ጠይቃት የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። እሷም ልጇ ናት።

ልጇ መርፌ መያዝ አልወደደችም። እናት ይህንን ለማንም አውርታው አታውቅም፤ ሆዷ ውስጥ ግን ነበር። በስፌት መኪና ድምፅ አድጋ፣ በስፌት ገንዘብ ተምራ፣ አንድ ቀን እንኳን «እስቲ ልሞክረው» ብላ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም። ከሁለት ዓመት በፊት ብቻ፣ ከቢሮ ስትመለስ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ እየተቀመጠች ጥያቄ ታዥጎደጉድ ጀመር። እዚህ ጋ ለምን ጨመርሽ? ብብቱን ምን ያህል አወረድሽው? ሰውየው ወፍራም ከሆነስ? እናት መጀመሪያ መለሰች፣ ከዚያ ተሰላቸች፣ በመጨረሻ «መርፌ ለማትይዢው ምን ይሠራልሻል?» ብላ ኮስተር አለች። ልጅቷ መጻፏን ቀጠለች። ከወራት በኋላ «እማዬ፣ ጨረስኩት፤ ሰው እንዲጠቀምበት ኢንተርኔት ላይ አወጣሁት» ስትላት እናት ከመኪናው ቀና ሳትል «ጎበዝ» አለቻት። የዚያ ነገር ወሬ በዚሁ አበቃ።

«ማን ነው ፈጠርኩት ያለሽ?» አለች ሰፊዋ፣ ጣቷን ከወረቀቱ ሳታነሣ።

«ቱባ ነዋ!»

ቱባ ዋናው መንገድ ላይ ያለው የጨርቅና የስፌት ዕቃ ነጋዴ ነው። ክር ስለሚሸጥ ይሁን፣ ወይስ እሱ ራሱ ድብልብል ስላለ፣ ቅጽል ስሙን ማን እንዳወጣለት አይታወቅም፤ እሱም ወዶት ሱቁ በር ላይ አስጽፎታል። ሰፊዋ ለመምህሯ «ሱቁን ጠብቂልኝ፣ መጣሁ» ብላ፣ ሜትሩ ከአንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ስፒሎቹ ደረቷ ላይ እንደተሰኩ ወጣች። ከበሩ እንደራቀች ልጇ ቢሮ ደወለች።

«ሌባ ይዣለሁ፤ ቶሎ ቱባ ሱቅ ነይ!»

«ምን ሰረቀሽ እማዬ?»

«እኔን ምን ይሰርቀኛል፣ አንቺን ነው እንጂ!»

መንገዱን የሄደችው እየተንደረደረች ነው። ሰላም ለሚሏት ሰዎች በአገጯ ብቻ መለሰች። ሰው ደክሞ የሠራውን እንዴት ዓይኑን በጨው አጥቦ የኔ ነው ይላል? ልጇ ከሥራ ዝላ መጥታ፣ ራቷ እየቀዘቀዘ ያችን ላፕቶፕ ስትጎረጉር ከርማ፣ እሱ ሊሞገስበት? ምን ቆርጦት! ደግሞ እውነቱን እንናገርና፣ ከንዴቷ ሥር ሌላ ነገርም ነበረ። ዘመድ «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲላት ሕመሙን እንደሚናገር ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኮምፒውተር ላይ ናት» ነበር የምትለው፤ ከዚያ በላይ ቢጠይቋት መልሱን አታውቀውምና። ዛሬ የልጇ ሥራ የሚሰረቅ ሥራ ሆኖ ተገኘ። የማይረባ ነገር የሚሰርቅ ደግሞ የለም። ይህ ሲታሰባት በዚያ ሁሉ ንዴት መሀል አንገቷ ቀና አለ፣ እርምጃዋም ፈጠነ።

የቱባ ሱቅ እንደ ወትሮው ጢም ብሏል። ግድግዳው እስከ ጣሪያው ጥቅል ጨርቅ ነው፤ አዝራሩ በየብልቃጡ ተሞልቷል፣ ዚፑ በየቀለሙ ተንጠልጥሏል። አዲሱ ነገር ከባንኮኒው ጫፍ የተቀመጠው ኮምፒውተርና ከጎኑ ያለው ሰፊ ማተሚያ ነው። ሻጯ የአንዲትን ሴት ልክ ታስገባለች፣ ሌሎች ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ዋጋው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ የአንድ ቀሚስ ንድፍ፣ ሰፊዋ ቀሚሱን ቆርጣና ሰፍታ ከምታገኘው ግማሽ ያህሉን ያስከፍላል። ስክሪኑ አናት ላይ «ቱባ ፋሽን» የሚል ደማቅ ጽሑፍ አለ። ከሥሩ ልክ የሚገባባቸው ቦታዎች ተደርድረዋል፤ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቀኝ ትከሻ፣ ግራ ትከሻ።

«ግራ ትከሻ!» አለች ሰፊዋ ጮክ ብላ። ሱቁ ሁሉ ዞረ።

ቱባ ከጨርቁ መሀል ብቅ አለ። «እትዬ! ምነው፣ ምን ሆኑብኝ?»

«የልጄን ላብ ነው የምትሸጠው! ይሄንን የሠራችው ልጄ ናት!»

ቱባ ክፉ ሰው አይደለም፤ ዱቤ ይሰጣል፣ ለቅሶም ይደርሳል። ግራ የተጋባው ከልቡ ነው። ፕሮግራሙን ቴክኒሻኑ ከኢንተርኔት ነው ያወረደው፤ ነፃ ነው ይላል፣ አንድ ሰው እንኳን ሂሳብ አልጠየቀም፤ ታዲያ ነፃ ከሆነ ባለቤት የለውም ማለት አይደል? ሜዳ ላይ የወደቀ ነገር አንሥቶ አጥቦ ቢጠቀምበት ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ይህንን ሁሉ እጁን እያወናጨፈ አስረዳ። ከወረፋው አንዷ ሴት «እንቅልፍ አጥቼ ሠራሁት ያልከን ታዲያ ስታጥበው ነው?» አለችው። ሱቁ በሳቅ ሞላ። ቱባ መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ።

ልጅቷ የደረሰችው ይህን ጊዜ ነው፤ የቢሮ መታወቂያዋን ከአንገቷ ሳታወልቅ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ስክሪኑን አየችው፣ ጠጋ ብላም አንዳንድ ቦታ ነካካችው። ፊቷ ላይ እናቷ የጠበቀችው ንዴት አልነበረም። እንዲያውም ሥራዋ ቆሞ ሲሄድ ያየች ሰው ፈገግታ ነበር ብልጭ ብሎ የጠፋው።

«ፖሊስ ልጥራ?» አለች እናት።

«መሸጡን መሸጥ ይችላል፣ እማዬ።»

«ምን?»

«ይችላል። የፈቀድኩት እኔ ነኝ።»

እናት ክው አለች። በሰው ሁሉ ፊት፣ ለሷ ልትጮህ በመጣችበት፣ ልጇ ከተቃራኒው ወገን ቆመች። ቱባ ደግሞ ሕይወቱ ተመልሶለት «ይኸው! እኔስ ምን አልኩ?» እያለ ወረፋውን በዓይኑ ዞረ። ልጅቷ ግን አልጨረሰችም ነበር። ረጋ ብላ፣ እናቷ በምትሰማው ቋንቋ አስረዳች። ኦፕን ሶርስ ይሉታል አለች፤ ሠሪው አሠራሩን ሳይደብቅ ለሁሉም ክፍት የሚያደርገው ሥራ ነው። የወደደ ይውሰደው፣ ይጠቀምበት፣ ቢፈልግ ይለውጠው፣ ነግዶም ይክበርበት፤ ሳንቲም አትጠይቀውም። ቢበላሽበትም እሷን እንዳይጠይቃት እዚያው ጽፋለች። ወረቀት አትሞ መሸጡም ምንም አይደለም። ግን ባለቤት የለውም ማለት አይደለም፤ ባለቤት ባይኖረው ማን ይፈቅድለት ነበር? ፈቃዱ አንዲት ነገር ብቻ ትጠይቃለች፤ ፕሮግራሙ ለሌላ ሰው ሲሰጥ የሠሪዎቹ ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ አብረውት ይሂዱ።

«ጋሼ፣ ፕሮግራሙን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል?» አለችው።

ቱባ ሳል ሳል አለው። ለሌላ ሰፈር ሰፊዎች በፍላሽ እየገለበጠ መሸጥ ጀምሯል፤ ከወረቀቱ የበለጠ የሚያዋጣውም ይኸው ነው። ስሙን ያጠፋው ቴክኒሻኑ ነው፤ ቱባ «የኛ አስመስለው» አለው፣ እሱም የኛ አስመሰለው።

«የኔ ብቻ ቢሆን ደግ» አለች ልጅቷ። «ወረቀቱን የሚያትመውን ክፍል የሠሩት ሌሎች ናቸው። መስመሩን የሚሥለውንም ሌሎች። አይቻቸው አላውቅም፤ እኔንም እንደዚሁ አድርገው ነው የሰጡኝ። የነሱም ስም ነው የጠፋው።»

እናት ይህንን ስትሰማ ንዴቷ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። አልገባትም ነበር። ሰው በላቡ የሠራውን እንዴት ሜዳ ላይ ይጥላል? እሷ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጉልበቷ እስኪቆረጥም መኪና ስትረግጥ፣ ልጅቷ የሚሸጥ ነገር ሠርታ ለማያውቁት ታድላለች! ይህንን ልትላት አፏን ከፈተች፣ ሰው ስላለ መልሳ ዘጋችው። ልጅቷም የእናቷን ፊት አይታ ነገሩ ገባት፤ ሻጯን አስነሥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ፕሮግራሙን ከምንጩ አወረደችው። የመጀመሪያው መልኩ ተከፈተ። «ቱባ ፋሽን» የሚለው የለም። መጀመሪያ የመጣው ገጽ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ ነበረበት።

«ነይ አንብቢው» አለቻት።

ሰፊዋ መነጽሯን አስተካክላ ጎንበስ አለች። «ይህን ሥራ የሠሩት» ይላል። ከሥሩ ሁለት ስም አለ። ሁለተኛው የልጇ ነው። የመጀመሪያው የራሷ ነው፤ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ስም፣ አንድ ፊደል ሳይጎድል። ሰፈሩ «ሰፊዋ» እያለ የሚጠራት ሴት ስሟን እንዲህ ተሟልቶ ለመጨረሻ ጊዜ ያየችው መታወቂያዋን ስታሳድስ ነበር። ከስሙ ቀጥሎ «የአለካኩና የአቆራረጡ ዘዴ የእሷ ነው» ይላል። አንብባ ጨረሰችና እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስምሽ ነው።»

«ለምን?»

«ያለ አንቺ ከየት አምጥቼ? እኔ መርፌ የማልይዝ ሰው!» አለች ልጅቷ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ልነግርሽ ስል ጎበዝ ብለሽ ዘጋሽኝ።»

እናት ልጇ ሥራዋን የናቀችባት መስሏት የኖረችበት ያ ሁሉ ጊዜ ትዝ አላት፤ ለካ ማታ ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የምትጽፈው እሷኑ ነበር። እንባ መጣባት፣ ቱባ ፊት ላለማልቀስ ስፒሎቿን ከደረቷ ላይ አንድ በአንድ እየነቀለች መልሳ ሰካቻቸው። ኮርታለች። በልጇ ኮርታለች፣ ከዚያም ይባስ ብሎ፣ ከዚህ በፊት ተሰምቷት በማያውቅ ሁኔታ በራሷ ኮርታለች።

ቱባም ስሙን በትከሻዋ በኩል አሻግሮ አንብቦት ነበር። እሱ ነጋዴ ነው፤ ሌሎቹ ገና ሲገረሙ ሂሳቡን ጨርሷል። ሁለቱን ሴቶች ወደ ባንኮኒው ጀርባ ጠራቸውና ድምፁን ቀነሰ። ስሙ ይመለስ ከተባለ ነገ የሌላ ሰፈር ሰፊ ፍላሹን ሲከፍት የሚያየው የእትዬን ስም ነው። እትዬ ደግሞ እዚሁ ሁለት መንገድ አልፎ ናቸው። ታዲያ ሰው ወደ ቱባ ለምን ይመጣል? ዘዴዋን ከራሷ ለመስማት ቀጥ ብሎ ወደሷ ነው የሚሄደው። «ስለዚህ» አለ ቱባ፣ «ስማችሁ ሳይጻፍ እንዲቀር ፍቀዱልኝ። በባዶ እጅ አይደለም።» ብሎ መስኮቱ አጠገብ ያለውን አዲስ የስፌት መኪና በእጁ አሳየ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። የአዝራር ቀዳዳ ራሱ ይሰፋል። «ዛሬውኑ አሸክሜ ቤትዎ አደርሰዋለሁ።»

«እንዲህ ያለ ነገር ይቻላል?» አለች እናት ወደ ልጇ ዞራ።

«ባለቤቶቹ ከፈረሙ ይቻላል። ለሱ ብቻ የሚሆን ሌላ ፈቃድ እንሰጠዋለን። የነዚያን ሰዎች ስም ግን እኛ ልንሸጥለት አንችልም።»

«የነሱ ይቀመጥ!» አለ ቱባ ፈጠን ብሎ። «እነሱን እዚህ ማን ያውቃቸዋል?»

ልጅቷ እናቷን አየቻት። «ቀድሞ የተጻፈው ስም ያንቺ ነው፣ አንቺ ወስኚ። ብትወስጂው አልቀየምሽም። ጉልበትሽን እኔም አውቀዋለሁ።»

ሰፊዋ ወደ መኪናው ሄደች። ስታልፍ ስታገድም በመስኮት አይታው ታውቃለች፤ ነክታው ግን አታውቅም። እጇን አናቱ ላይ አሳረፈች። ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው፤ መርገጫው በአውራ ጣት ቢነካ የሚታዘዝ ነው። ከዛሬ በኋላ ጉልበቷን ቅባት እያሸች መተኛት ይቀርላታል። መፈረም ብቻ ነው። ማንም አያማትም፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት ስሟ እዚያ መኖሩን እንኳን አታውቅም ነበር። ደግሞ ምን ያህል ልብስ ሰፍታለች? ለሙሽራ፣ ለተመራቂ፣ ለሐዘንተኛ። ሁሉም ለብሶት ከበሩ ይወጣል፣ «አማረብህ» የሚባለው እሱ ነው፣ ሰፊዋ ከበሩ ወዲህ ትቀራለች። ሥራው እንደዚያ ነው ብላ ተቀብላው ኖራለች፤ አልከፋትምም። አሁን ግን ረግጣው በማታውቅ ሰፈር፣ አይታው የማታውቅ ሰፊ ጨርቅ ዘርግቶ ግራውን ትከሻ ዝቅ አድርጎ ሲቆርጥ ታያት፤ ይህንን ከማን እንደተማረም ያውቃል። ይህንን አንዴ ካዩት በኋላ መልሶ መስጠት እንዴት ይቻላል? እጇን ከመኪናው ላይ አነሣች።

«ለሌላ ሽጠው» አለች።

«እትዬ፣ አይቸኩሉ እንጂ፣ ይደሩበት…»

«አስቤበታለሁ። ስማችን ከነበረበት ይመለስ። የነዚያም ሰዎች ይመለስ፤ አላውቃቸውም፣ ግን ልጄን አግዘዋታል። የሸጥክላቸውንም ሰዎች ጠርተህ ትክክለኛውን ትሰጣቸዋለህ።»

ልጅቷ ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሳ ሥራዋን ጀመረች። ብዙም አልፈጀባት። ስሞቹ በየቦታቸው ገቡ፣ የፈቃዱም ጽሑፍ ገባ፤ «ቱባ ፋሽን» የሚለውን እንኳን አላጠፋችበትም፣ «እዚህ የሚሸጠው» ብላ ከሥር አስቀመጠችለት። ቱባ ከኋላዋ ቆሞ ሲያይ ቆየና ቅር ያለው ድምፅ አወጣ።

«እንግዲህ የራሴ ነው ካላልኩ በድሮው ዋጋ ማን ይገዛኛል? ፍላሹን በግማሽ ልልቀቀው እንጂ ምን አደርጋለሁ።»

ወደ በሩ ስታመራ የነበረችው ሰፊዋ ይህንን ስትሰማ ቀጥ አለች። ዞራ መጥታ፣ ሱቁ ሁሉ እያያት፣ ጣቷን ባንኮኒው ላይ አሳረፈች።

«በግማሽ? አንተ ሰውዬ፣ ሽጠው ተብለሃል፣ ልጄ ፈቅዳልሃለች። ግን አስወድደህ ሽጠው! ከእጄ ርካሽ ሥራ ወጥቶ አያውቅም» አለችውና ልጇን አስከትላ ወጣች።